ተማሪ የሚያመላልስ ሾፌርና የገበሬ ማኅበር ኃላፊነት

ሰንበቴ፦ ከአዲስ አበባ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ሰንበቴን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ አስፋልት ላይ ከባድ መኪና፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አህያና ግመል ይገናኛሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ደብተሩን የያዘ ተማሪ ይጨመርበታል።

በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በ«ሰርቪስ» ያመላልሳሉ። በገጠር አብዛኛው ልጅ የሚሄደው በእግሩ ነው። አቅም ያለው ወላጅ ከባጃጅ ወይም ከሚኒባስ ሾፌር ጋር በወር ይዋዋላል። ውል ከተያዘ ያ ሾፌር፣ ስሙ ይሰጠውም አይሰጠው፣ የተማሪ አውቶቡስ ሾፌር ሆኗል ማለት ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ጉዳዩ የሾፌሩና የወላጁ ብቻ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም።

የዚህ ሥራ ዋናው ችሎታ መሪ መጨበጥ ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። በሌላውም ዓለም እንደታየው በተማሪ አውቶቡስ ሳቢያ ከሚሞቱት ልጆች የሚበዙት በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው፣ ሲወጡና ሲወርዱ የሚገጩት ናቸው። አጭር ልጅ ከሞተሩ ፊት ወይም ከኋላ ጎማው አጠገብ ሲቆም ለሾፌሩ አይታይም። የወደቀ እርሳስ ለማንሣት ጎንበስ ካለማ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሾፌር የወረዱትን ይቆጥራል፤ ቆጥሮም ከመኪናው ርቀው መቆማቸውን ሳያይ ማርሽ አያስገባም።

ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ የሆነ ልጅ የበለጠ ያሳስባል። በአሜሪካ የተማሪ አውቶቡስ የማቆሚያ ምልክቱን ዘርግቶ ልጅ ሲያወርድ ሌላው መኪና እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። አውቶቡሶቹ ቢጫ የሆኑትም በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተደረገ ስብሰባ ተወስኖ ነው፤ ቢጫ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል በጧት ጭላንጭል ጎልቶ ስለሚታይ ነበር። ቀለሙ ብቻውን ግን ልጅ አያድንም፤ የሚያድነው የሌላው ሾፌር መቆም ነው። የከባድ መኪናው ሾፌር ይቆማል ተብሎ በማይታመንበት መንገድ ላይ፣ የወረደው ልጅ ያወረደው መኪና እስኪሄድ ከዳር ይቆይ፤ ግራና ቀኙ ሲገለጥለት ይሻገር። ረዳት ካለ ትንንሾቹን እጃቸውን ይዞ ያሻግር።

የሰንበቴ አካባቢ ቆላ ነው። በፀሐይ ላይ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል። እንቅልፍ ወስዶት የቀረ ሕፃን በዚያ ሙቀት ሕይወቱ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሾፌሩ መኪናውን ከመዝጋቱ በፊት እስከ ኋላ ወንበር ሄዶ ከሥር ጭምር ማየት አለበት።

የባጃጅ ነገርም አለ። ባጃጅ የተሠራው ከሾፌሩ ሌላ ለሦስት ሰው ነው። ልጆች ትንንሾች ናቸው እየተባለ ስድስትና ሰባት ሲታጨቁ፣ በሾፌሩም ጎን ሲለጠፉ ፍሬኑም ሚዛኑም ይከዳል። ይህን የሚያደርገው ሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ለመካፈል ብሎ «አንድ ጨምርልኝ» የሚለውም ወላጅ አለበት።

የማኅበር መሪዎች መኪና መግዛት ባይችሉም ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬ ማኅበራት በእንጨትና በሣር የመማሪያ ዳስ ሠርተዋል። ልጆች መኪና የሚጠብቁበት፣ ከአስፋልቱ ዳር ራቅ ያለ ጥላ ከዚያ ዳስ የሚበልጥ ወጪ የለውም። ቦታው መታጠፊያ ላይ ወይም ዳገት የሚጋርደው መሆን የለበትም። በእግራቸው የሚሄዱትም የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታያቸው የመንገዱን ግራ ይዘው እንዲሄዱ ይነገራቸው።

ከሾፌሩ ጋር ሲዋዋሉ ለያዘው ተሽከርካሪ የሚሆን መንጃ ፈቃድ እንዳለው ማየት፣ የልጆቹን ቁጥር በወረቀት ማስፈር፣ ሾፌሩ ሲታመም ማን እንደሚተካው መነጋገር ያስፈልጋል። ለዚህ ሌላ የስብሰባ ቀን መፈለግ የለበትም። እሑድ የዙሪያው ገበሬ ለገበያ ሰንበቴ ይወርዳል፤ ወላጁም፣ መምህሩም፣ ሾፌሩም በዚያው ይገኛሉ።