ለአይጥ የሚያዳላ ተመልካች

“አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” ይላል የሀገራችን ብሂል፤ ጥፋቱ የአንዱ፣ ቅጣቱ የሌላው ሲኾን። በፈረንጆቹ የካቲት ወር 1940 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለዕይታ የበቃ አንድ አጭር የካርቱን ፊልም ከዚህ ብሂል ጋር ይገጥማል። ሰሀን የሚወረውረው አይጥ ነው፤ ከቤት የሚባረረው ግን ድመት። ተመልካቹም በዚህ ፍርደ ገምድልነት አያዝንም፤ ይስቃል እንጂ።

ፊልሙ ዛሬ ዓለም “ቶም እና ጄሪ” እያለ የሚጠራው ተከታታይ ሥራ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ያኔ ግን ድመቱ ቶም አልነበረም፤ ጃስፐር ይባል ነበር። አይጡም በፊልሙ ውስጥ በስም አልተጠራም። በአማርኛችን ድመትንም አይጥንም በሴት ጾታ መጥራት የተለመደ ቢኾንም በፊልሙ ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ድመቱ የአይጡን ጅራት በመዳፉ ይዞ ሲጫወትበት ነው። ይለቀዋል፤ ሮጦ ሊያመልጥ ሲል መልሶ ይጎትተዋል። ግድግዳው ላይ የውሸት ጉድጓድ ይስልና ምስኪኑ አይጥ በሩጫ ከግንቡ ጋር እንዲላተም ያደርገዋል። በግርግሩ መካከል ግን የአበባ ማስቀመጫ ይሰበራል። የቤት ሠራተኛዋ ትመጣለች፤ ሌላ ዕቃ ከተሰበረ ድመቱ ከቤት እንደሚወጣ ታስጠነቅቃለች። ይህን አይጡም ይሰማል።

ከዚህ በኋላ የኀይል ሚዛኑ ይገለበጣል። አይጡ ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ ብርጭቆ ይዞ ሲቆም ድመቱ ባለበት ይደርቃል። ወለሉን በትራስ ይሞላል፤ የሚወረወረውን ሰሀን አንድ በአንድ እየቀለበ ይደረድራል። ሁለት እጁ በሰሀን ክምር ተይዞ ሳለ አይጡ ከኋላው መጥቶ በእርግጫ ይለዋል። የቀረውን ለመገመት አያስቸግርም።

የፊልሙ ጠንሳሾች ዊሊያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ፣ ያሠራቸው ደግሞ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የፊልም ኩባንያ ነው። የሁለቱ ስም በፊልሙ ላይ እንኳ አልሰፈረም። የኩባንያው የካርቱን ክፍል ኃላፊም የድመትና የአይጥ ነገር ያረጀ ነው በሚል ሥራው እንዲቀጥል ፍላጎት አልነበራቸውም። ሐሳባቸውን ያስለወጠው የተመልካች ስሜት ነው። ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች ተወደደ፤ በቴክሳስ ግዛት በሲኒማ ሥራ የተሰማራች አንዲት ሴትም ተጨማሪ የድመትና የአይጥ ፊልም ይኖር እንደኾን ጠይቃ ጻፈች። ፊልሙ ለኦስካር ሽልማትም ታጨ፤ ያሸነፈው ግን የዚያው ኩባንያ ሌላ ካርቱን ነበር። ቀጣዩ ክፍል በ1941 ሲወጣ ድመቱ ቶም፣ አይጡ ጄሪ ኾነዋል። ስሞቹን በባልደረቦች መካከል በተካሄደ ውድድር ያወጣው ሠዓሊ 50 ዶላር ተሸልሟል። ሐና እና ባርቤራ እስከ 1958 ድረስ 114 ክፍሎችን ሠርተው ሰባት ኦስካር አስገኝተዋል።

ታዲያ ተመልካች ለምን ለአይጥ ያዳላል? ጥያቄው በተለይ ለገበሬ ቤት ልጅ ቀላል አይደለም። አይጥ የጎተራ ጠላት ናት። የምትበላው እህል ሳይበቃ በሽንትና በእበቷ የምታበላሸው ይጨመርበታል፤ ጆንያ ትቀዳለች፣ ዘር ትጨርሳለች። ጎተራ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራበት አንዱ ምክንያትም እርሷው ናት። በፊልሙ እንደምናየው አይብ ፍለጋ ስትንከራተትም አትውልም፤ የቤት አይጥ ከአይብ ይልቅ እህል ትመርጣለች። ድመትም ቢኾን ቤት እያተራመሰ የሚያሳድድ ሳይኾን አድፍጦ የሚጠብቅ አዳኝ ነው። እውነታውን የጠበቀው ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ ድመት ያደነውን ይዞ እየለቀቀ ያጫውታል፤ ይህም እንዳይነክሰው የሚያደክምበት ዘዴ እንደኾነ ይታመናል።

የፊልሙ ብልሃት ጎተራውን ከታሪኩ ማውጣቱ ነው። በፊልሙ የሚራብ ቤተሰብ፣ የሚጎድል እህል የለም፤ ያሉት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፍጡር ናቸው። ዐይን ደግሞ ወደ ትንሹ ያደላል። ጥቃቱን የጀመረው ትልቁ ስለኾነም ትንሹ ሲበቀል እንደ ፍትሕ ይቆጠራል። ሳቁን የሚፈቅደው ሌላው ነገር ጉዳቱ የማይዘልቅ መኾኑ ነው፤ ድመቱ ይጨፈለቃል፣ ይቃጠላል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ግን ጤነኛ ነው።

ጭውውት እምብዛም አለመኖሩ ደግሞ ፊልሙን ድንበር አሻግሮታል። የስኮት ብራድሌይ ሙዚቃ የገጸ ባሕርያቱን እርምጃ፣ ውድቀትና ድንጋጤ ተከትሎ የተደረሰ ስለኾነ ከንግግር በላይ ያስረዳል። የቶም የታወቀው ጩኸትም የራሱ የዊሊያም ሐና ድምፅ ነው። አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሕፃን ያለ አስተርጓሚ የሚስቀው በዚህ ነው።

ኾኖም አቀባበሉ ሁሉ ሳቅ አልነበረም። ወላጆች ዱላው ይበዛል ይላሉ፤ ጉዳት የማያስከትል ምት ሲያይ የዋለ ሕፃን ታናሹ ላይ ቢሞክረው ውጤቱ የተለየ ነውና ስጋታቸው ተራ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ግን የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ነው። ፊቷ ብዙም የማይታይ፣ በእግሯና በአነጋገሯ ብቻ የምትታወቅ ጥቁር ሴት ኾና መቀረጿ ጥቁር አሜሪካውያንን የሚያንቋሽሽ ነው ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ተገቢ ነው። ከ1952 በኋላ በአዳዲስ ክፍሎች አልታየችም፤ በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን በተዘጋጁ አንዳንድ ክፍሎችም በነጭ ሴት ምስል ተተክታለች። በ2014 ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጡት ቆየት ያሉ ክፍሎች የዘመናቸውን የዘር ጭፍን ጥላቻ እንደያዙ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተለጥፎባቸዋል።

በ1940 የአንዲት ሴት ደብዳቤ ለድመቱና ለአይጡ ዕድሜ አገዘ። በ2006 በብሪታኒያ የአንድ ተመልካች አቤቱታ በተራው መቀስ አስነሣ፤ ቅሬታው የቀረበው ግን በድብደባው ላይ አልነበረም። በሁለት ክፍሎች ውስጥ ሲጋራ ሲጨስ ስለታየ ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው ባለቤትም ማጨስን የሚያስወድዱ ትዕይንቶችን ቆርጦ ለማውጣት ተስማማ።