ዱባ ከታች ነው የሚታየው

ነሐሴ ላይ ጓሮዬ የገባ እንግዳ ሁሉ ዱባውን ከላይ አይቶ ያደንቃል። ሐረጉ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ደርሷል፣ ፍሬውም ዝናብ እያጠበው ያብረቀርቃል። እኔ ግን እጄን ከሥሩ ሰድጄ ካልዳሰስኩ አላምንም። ከላይ ጠንካራና ጤነኛ የሆነ ዱባ ከታች ላልቶ ጣት ያሰምጣል። እንዲህ ያለውን መስከረም ላይ ላንሳህ ሲሉት ሆዱ መሬት ላይ ቀርቶ ቅርፊቱ ብቻ እጅ ላይ ይመጣል።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። አፈራችን ጥቁር መረሬ ነው፤ ለጤፍ የተመሰገነ፣ በክረምት ለዱባ ግን ክፉ። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ይኸው አፈር ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ ውሃ ወደ ታች ለመስረግ ቀናት ይፈጅበታል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይነገራል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ያሉ ገበሬዎች ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ማሳቸውን በእጃቸው መደብና ቦይ እያደረጉ ያዘጋጁታል። ጓሮ ላይም ዱባን ከፍ ባለ መደብ መዝራት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሐረጉ ግን መደብ አይወስነውም፤ ሄዶ ሄዶ ፍሬውን የሚያስቀምጠው ውሃ ያቆረው ቦታ ላይ ነው።

ፍሬው የተኛበት አፈር ፀሐይ አያገኘውም፣ ነፋስም አይደርሰውም። ዙሪያው ቢደርቅ እንኳ ከዱባው ሥር ያለው እርጥብ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ ውስጥ ፊቶፍቶራ፣ ፒቲየም፣ ሪዞክቶኒያ የሚባሉ በዓይን የማይለዩ ተሐዋስያን ይኖራሉ። በተለይ ፊቶፍቶራ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ዘሮች አሉት፤ መሬቱ በውሃ ተሞልቶ ሲውል ሲያድር እየዋኙ የዱባውን ቆዳ ያገኛሉ። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ቦታ ይታያል፣ ቆይቶ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እዚያ ከደረሰ ፍሬውን ማዳን አይቻልም። ከታች ቢጫ ወይም ነጣ ያለ፣ ግን ጠንካራ የሆነ ቦታ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ፀሐይ ያላየው ቆዳ ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

እንግዲህ ሥራው ፍሬውን ከአፈሩ መለየት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ዱባው ጭብጥ ሲያህል ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው የምጣድ ስባሪ ነው። ምጣድ የማይሰበርበት ቤት የለም፣ ስባሪውም ከአጥር ሥር ተጥሎ ይከርማል። ጠጠር ወይም ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አድርጌ ስባሪውን ከላይ አጋድመዋለሁ፤ ውሃው በጎን ይወርዳል፣ ከሥሩ ነፋስ ያልፋል። የእንስራ ገል ከሆነ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጉት፤ ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ይዞ ዱባውን ኩሬ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለትልቅ ዱባ ከቀጫጭን እንጨት የተሠራ ርብራብ ይሻላል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ርብራቡን አይተው፣ «ልጄ፣ ለዱባም አልጋ ታነጥፊለታለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። «አባባ፣ እኔ መደብ ላይ እየተኛሁ እሱ ጭቃ ላይ ይደር?» አልኳቸው።

ጭድ ብዙዎች ይመርጣሉ፤ እኔ ብዙም አይጥመኝም። የጤፍ ጭድ በዝናብ ተጣብቆ ውሃ ይይዛል። የስንዴ ወይም የገብስ ከሆነ ሻካራ ስለሆነ ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ወፍሮ መነጠፍና ሲረጥብ መለወጥ አለበት። አይጥም ይወደዋል። ላስቲክ ማንጠፍን ግን ተዉት፣ ላዩ ላይ ኩሬ ይሠራል።

ሲያነሱት ጥንቃቄ የሚያሻው አንገቱ ነው። ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው አንገት ጠዋት ውሃ ጠግቦ ስለሚገተር ቶሎ ይቀነጠሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲያላላው መንካት ይሻላል። ሐረጉ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ከፍሬው አጠገብ ያለው አንጓ መሬት ከያዘ፣ ዱባው እያበጠ ከፍ ሲል ሐረጉ እምቢ ይላል፣ አንገቱም ይቀደዳል። ስለዚህ ለፍሬው ቅርብ የሆነውን አንድ ወይም ሁለት ሥር ቀስ ብሎ መንቀል ነው፤ ሌሎቹ ያበሉታል። ዱባውን እያገላበጡ ፀሐይ ማስመታት አያስፈልግም።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ቢሆንም አጥር የወጣ ትንሽ ዱባ እንደ ቅሉ ተንጠልጥሎ ሊያድግ ይችላል። ከበድ ሲል ሽንኩርት የሚመጣበትን መረብ ጆንያ ከሥሩ አድርጋችሁ አጥሩ ላይ እሰሩለት።

ጨቅላው ቢጫ ሆኖ ከጫፉ እየጠወለገ የሚወድቀው ግን ከመሬት የመጣ ጣጣ የለበትም። እናቴ ለጋ ዱባ ላይ ጣት መቀሰርን ትከለክለን ነበር፣ ይበሰብሳል እያለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የንብ ነው። የዱባ አበባ የሚፈካው ለአንድ ጠዋት ነው፤ ያን ጠዋት ዝናብ ከጣለ ንብ አይወጣም። ከኋላዋ ትንሽ ዱባ የያዘችው አበባ ሴቷ ናት፤ ወንዱን ቀጥፋችሁ ዱቄቱን መሐሏ ላይ ብታስነኩላት ትይዛለች።

የበሰበሰውን እዚያው መተው ለሚቀጥለው ክረምት በሽታ መዝራት ነው። እኔ ከነሐረጉ ከጓሮ አውጥቼ አደርቀውና ሕዳር 12 ሰፈሩ ሲታጠን አብሬ አቃጥለዋለሁ።

ለመቁረጥ የደረሰው ዱባ ጥፍር አይበሳውም፣ አንገቱም ደርቆ እንጨት ይሆናል። አንገቱን አንድ ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ፀሐይ አስመቱት፣ ከዚያ ቆጥ ላይ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደርድሩ። አንገቱ የተሰበረውንና ቆዳው የተጫረውን አስቀድማችሁ ወጥ ሥሩት፤ ደህናው ለነቢያት ጾም ይቆያል።