የእንፍራንዝ ልጅ ድረ ገጽ ሲሠራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ተጉዞ እንፍራንዝ የደረሰ ሰው፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ጉዛራን ያገኛል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ፣ የፋሲል ግንብ ጎንደር ላይ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ቤተ መንግሥት ነው። ይህን ታሪክ በገዛ ቋንቋው ለዓለም ማድረስ የሚፈልግ የአገሩ ልጅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ኮምፒውተር፣ ጥቂት የሞባይል ዳታና የሁለት ቀን ትዕግሥት ይበቃዋል።

ድረ ገጽ ሲገለጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ኖትፓድ ይክፈቱ። ርእሱን ኤች 1 በሚባሉት ምልክቶች መካከል፣ አንቀጹን ደግሞ ፒ በሚባሉት መካከል ይጻፉ። ፋይሉን በላቲን ፊደል ‹ኢንዴክስ› ብለው፣ መጨረሻው ላይ ነጥብና ኤችቲኤምኤል ጨምረው ያስቀምጡ። ሁለቴ ሲጫኑት በብሮውዘር ይከፈታል፤ እስከዚህ ድረስ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም።

ጀማሪ የሚደናቀፈው በፊደሉ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ አማርኛ ያነባል። ፋይሉ ግን በየትኛው አሠራር እንደተጻፈ ለብሮውዘሩ መንገር አለበት። ከላይ፣ ሄድ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ቻርሴቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ይግባ። ያ መስመር ከተረሳ ‹ጉዛራ› የሚለው ቃል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ያ መሣሪያ የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው። በቆዩ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካለዎትም በቀጥታ አይቅዱት። እነዚያ ፎንቶች ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ስለሆኑ ጽሑፉን መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

ጽሑፍን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ በእኛ ዘንድ በጣም ተለምዷል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በፎቶ ውስጥ ያለን አማርኛ መፈለጊያው በቀላሉ አያገኘውም፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ሶፍትዌርም ዘልሎት ያልፋል። ዳታም ይበላል። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 የሚይዘው 3 ባይት ብቻ ነው። በስልክ የተነሣ 4 ሜጋ ባይት ፎቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊደል ያህል ይከብዳል። የግንቡን ፎቶ ማስገባትዎ መልካም ነው፤ ከ200 ኪሎ ባይት በታች አሳንሰው ያስገቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። ይህችን ከተማ አንዱ እንፍራንዝ፣ ሌላው እንፍራዝ፣ ሌላው እምፍራዝ ብሎ ይጽፋታል። ‹ቤተ መንግሥት›ም በንጉሡ ሠ እና በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ ለእኛ ድምፁ አንድ ቢሆንም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ በአንዱ አጻጻፍ ይጽኑ፤ መግቢያው ላይ ግን ‹እንፍራዝ፣ እምፍራዝም ይባላል› ብለው ያስገቡ። ሰው በየትኛውም ስም ቢፈልግ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ለማሳተም ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ ፋይሉ የሚቀመጥበት ሰርቨርና የሚጠራበት አድራሻ። ለጀማሪ ጊትሀብ ፔጅስ ሁለቱንም በነፃ ይሰጣል። አካውንት ከፍተው፣ ፋይሉን ጭነው፣ ከማስተካከያው ውስጥ ፔጅስ የሚለውን መክፈት ነው። አንድ ድረ ገጽ እስከ 1 ጊጋ ባይት ይፈቀድለታል፤ ለጉዛራ ታሪክ ከበቂ በላይ ነው። በዶት ኢቲ የሚያበቃ የራስዎን ስም ከፈለጉ የአገራችንን ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ይህ ግን ክፍያ አለው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በነፃው ይለማመዱ።

አድራሻውን ለሰው ሁሉ ከመበተንዎ በፊት የአካባቢውን ታሪክ ለሚያውቁ አንድ አባት በስልክ ከፍተው ያንብቡላቸው። ‹እሱስ እንዲህ አይደለም› ያሉዎትን ቦታ ያርሙ። አርሞ እንደገና መጫን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።