«ቪዚብል» ሌላ፤ «ቪዥዋል» ሌላ

በየመሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያረቁ ወጣት ጸሐፊዎችና ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች እንደ መንትያ የሚቈጥሯቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ቪዚብል» እና «ቪዥዋል» ናቸው። ሁለቱም «ማየት» ከሚለው የላቲን ግሥ፣ ከ«ቪዴሬ» የተወለዱ ናቸው፤ ቪዛና ቴሌቪዥንም የሥጋ ዘመዶቻቸው ናቸው። ዳሩ ግን ዝምድናቸው ሥራቸውን አንድ አያደርገውም።

«ቪዚብል» ማለት በዓይን ሊታይ የሚችል ማለት ነው። በመጨረሻው ያለው «ኢብል» የተባለው ቅጥያ መቻልን ስለሚያመለክት በአማርኛ «የሚታይ» ብንለው ይበቃል። «ቪዥዋል» ግን ማየትን፣ የዓይንንም ሥራ የሚመለከት ማለት ነው። ስለዚህ የሠዓሊው ሥራ ቪዥዋል ጥበብ፣ መምህሩ በግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ካርታም ቪዥዋል መርጃ ይባላል። «ቪዚብል ጥበብ» ቢባል ኖሮ የማይታየው ጥበብ የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ይከተል ነበር። ይኸን ሁለተኛውን ቃል አንዳንዶች «ዕይታዊ» ይሉታል፤ ለእኔ ጆሮ ስለሚቈረቍረኝ «የማየት» የሚለውን እመርጣለሁ።

ነገሩ የቋንቋ አዋቂዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። ሐኪም በምስክር ወረቀት ላይ «ቪዥዋል ኢምፔርመንት» ብሎ ቢጽፍ የሰውዬው የማየት ኃይል ተጐድቷል ማለቱ ነው። ተርጓሚው ቸኩሎ «የሚታይ ጉዳት» ብሎ ቢያሰፍረው ግን ወረቀቱን የተቀበለው ሹም ባለጉዳዩን ቀና ብሎ ይመለከታል፤ ዓይኖቹ እንደ ማንም ሰው ዓይን ብሩህ ናቸው፤ «ታዲያ ጉዳቱ የታለ?» ቢል አይፈረድበትም። ግላኮማ የተባለው በሽታ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ከዓይን ወደ አንጐል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ እየጐዳ በአብዛኛው በጐን በኩል ያለውን እይታ አስቀድሞ ይወስዳል፤ ከውጭ ለሚመለከት ግን ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ሕመምተኛውም ራሱ ሳያውቀው ብዙ ጊዜ ይቈያል። ጉዳቱ ቪዥዋል ነው እንጂ ቪዚብል አይደለም። በቅንድብ ላይ የቀረ ጠባሳ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ሁሉ ያየዋል፣ ማየትን ግን አይከለክልም። የበሰለ የዓይን ሞራ ሁለቱንም ይሆናል፤ ብሌኑ ነጥቶ ለሌላው ይታያል፣ ለባለቤቱም ብርሃን ይጋርድበታል። እንግዲህ በአንዲት ቅጽል መሳሳት ምክንያት አንድ ሠራተኛ የሚገባውን አበል ሊያጣ ይችላል።

በሳይንስ መጻሕፍት የሚገኘው «ቪዚብል ላይት» የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ይደርሳል። ዊሊያም ኸርሼል የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ቴርሞሜትር ቢያኖር ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው። ጨረሩ አለ፤ ነገር ግን አይታይም።

አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስተዋት የጐበኘ ሰው ሁለቱን ቃላት ባንድ ቦታ ያገኛቸዋል። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ይኸው ሥራ ቀንም ሌሊትም ቪዥዋል ጥበብ ነው፤ ቀለሙ ከውስጥ ላለው ሰው ቪዚብል የሚሆነው ግን ከውጭ ብርሃን ሲያልፍበት ነው።

የሥራ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው «ቪዚብል ፕሮግሬስ» ቢል ሰው ሁሉ የሚያየው እድገት ተገኘ ማለቱ ነው። «ቪዥዋል ፕሮግሬስ» ካለ ግን አለቃው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መነጽር አወለቁ ወይ ብሎ ሊጠይቀው ይችላል! አውሮፕላን አብራሪዎች ግን ሁለቱን አይደባልቋቸውም፤ ጉምና ደመና ሳይኖር «ቪዚቢሊቲው» ጥሩ ከሆነ ውጭውን በዓይናቸው እያዩ በ«ቪዥዋል» ደንብ ይበራሉ፤ ጉም ሲጋርድባቸው በመሣሪያ ወደሚመራው ደንብ ይዛወራሉ።