የእንግሊዝ ቁልፍ የማን ነው?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት፥ በካርቱም ሰጃና በተባለው የግንባታ ዕቃ ገበያ የተገኘ ኢትዮጵያዊ የቧንቧ ሠራተኛ «መፍቻ» ብሎ ቢጠይቅ ባለሱቁ ግራ በተጋባ ነበር። «ሚፍታሕ ኢንግሊዚ» ቢለው ግን አፉ በሽክርክሪት የሚጠበውንና የሚሰፋውን መፍቻ ያቀርብለታል። ትርጉሙ «የእንግሊዝ ቁልፍ» ነው። ጣሊያኖችም «ኪያቬ ኢንግሌዜ» ይሉታልና፥ በእኛ ጋራዦችም ስሙ እንግዳ አይደለም።

ይሁንና ዕቃው በእርግጥ የእንግሊዝ ነውን? ዴንማርካዊው ያንኑ መፍቻ «የስዊድን ቁልፍ» ይለዋል። ግሪካዊው «የፈረንሳይ ቁልፍ» ሲለው፥ ፈረንሳዊው ራሱ «የእንግሊዝ ነው» ብሎ ከጫንቃው ያወርደዋል! የዴንማርካዊው አጠራር መሠረት አለው፤ ዛሬ የለመድነውን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1892 በስሙ ያስመዘገበው ስዊድናዊው ዮሐን ፔተር ዮሐንሰን ነውና።

እንዲህ ያለው ስም ሀገርን እንጂ ሥራን አይናገርም፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። የእንግሊዝ ቁልፍ መንጋጋዎቹ ልሙጥ ናቸው፤ የተሠራውም ጎን ላለው ዳዶ ነው። ክብ ቱቦ ላይ ይንሸራተታል። ለቱቦ የሚሆነው፥ አሜሪካዊው ዳንኤል ስቲልሰን እ.ኤ.አ. በ1869 ያስመዘገበው ባለጥርስ መፍቻ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲስቡት ይበልጥ ይነክሳል። በዐረብኛ «ሚፍታሕ መዋሲር»፥ ማለት የቱቦ ቁልፍ፥ ይባላል። በእኛ ዘንድ «ፓፓጋሎ» የሚሉት አሉ፤ ጣሊያኖች ግን ይህን የበቀቀን ስም የሰጡት አፉ እንደ ምንቃር ለቆለመመው ፒንሳ ነው። እንግዲህ «ፓፓጋሎ» ብሎ የላከ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚመጣለት አያውቅም።

ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ያለ እመቤት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብባት፥ ልጇን «ከጎረቤት ቁልፍ አምጣ» ብላ ትልካለች። ባለጥርሱ መጥቶ የዳዶው ማዕዘን ከተበላ፥ ከዚያ በኋላ ልሙጡም አይዘውም። ስለዚህ ልጁን «ልሙጡን» ወይም «ባለጥርሱን» ብላችሁ ላኩት።

ሥራው ሲጀመር አስቀድሞ ዋናው የውሃ መዝጊያ ይዘጋል። የመፍቻው አፍ ዳዶውን ጥብቅ አድርጎ እስኪይዝ ሽክርክሪቱ ይዞራል፤ ከዚያም ኃይሉ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ወደ ራስ ይሳባል። ወደ ፊት የሚገፋ ሰው መፍቻው ባመለጠው ጊዜ ጣቱን ከግድግዳ ጋር ያላትማል፤ ይህ ያልደረሰበት የጥገና ክፍል ወታደር ያለ አይመስለኝም። ከባለጥርሱ በቀር ሌላ ካልተገኘ፥ ዳዶው ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ ጠቅልሉበት።