ኳንተም ኮምፒውተርና የምስጢራችን ዕድሜ

በስልካችን ገንዘብ ስናስተላልፍ ምስጢራችንን የሚጠብቅልን ለመፍታት የሚያስቸግር የሒሳብ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የፈለሰፉትን አርኤስኤ የተባለ የምስጠራ ዘዴ እንውሰድ። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ ብዜቱን ብቻ ይዞ ሁለቱን ቁጥሮች መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ይከብዳል። ዛሬ የተለመደው ባለ 2048 ቢት ቁልፍ 617 አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው። በሚታወቁት ዘዴዎች የተለመዱት ኮምፒውተሮች አካፋዮቹን በሰው ዕድሜ አያገኙም።

ኳንተም ኮምፒውተር ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ይገጥመዋል። የተለመደው ኮምፒውተር የሚሠራበት ቢት ወይ 0 ወይ 1 ነው፤ ኪዩቢት ግን ሁለቱን አደባልቆ መያዝ ይችላል። ብዙ ኪዩቢቶች ሲቆራኙ፣ በጥበብ የተቀመረ ስሌት የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉና ትክክለኛው ጎልቶ እንዲወጣ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ቀመር የሚገኝላቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር በ1994 ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መበተን ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ መሆኑን አሳየ።

ታዲያ ቁልፉ እስካሁን ለምን አልተሰበረም? ኪዩቢት በጥቂት ሙቀትና ንዝረት ስለሚዛባ ነው። አንድ አስተማማኝ ኪዩቢት ለማግኘት ብዙ ኪዩቢቶች እየተራረሙ መሥራት አለባቸው። ጉግል በ2024 መጨረሻ ያስተዋወቀው ዊሎው የተባለ ቺፕ ያሉት ኪዩቢቶች 105 ናቸው። በሌላ በኩል፣ ተመራማሪዎቹ ክሬግ ጊድኒና ማርቲን ኤኬሮ በ2019 ባለ 2048 ቢቱን ቁልፍ ለመስበር 20 ሚሊዮን ኪዩቢት እንደሚያስፈልግ ገምተው ነበር። በ2025 ጊድኒ ያንኑ ሥራ ከ1 ሚሊዮን ባነሱ ኪዩቢቶች፣ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ መጨረስ እንደሚቻል አሰላ። ርቀቱ ገና ሰፊ ቢሆንም ከሁለቱም ወገን እየጠበበ ነው።

አደጋው ሁሉንም ምስጠራ እኩል አይነካም። ፋይሎችን የሚቆልፈው ኤኢኤስ ቁልፉ ባለ 256 ቢት ከሆነ ይቋቋማል። ሥጋት ያለባቸው ሁለት ወገኖች በኢንተርኔት ቁልፍ የሚለዋወጡባቸውና ዲጂታል ፊርማ የሚያኖሩባቸው ዘዴዎች ናቸው።

ለእነዚህም ምትክ ተበጅቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2016 ከዓለም ዙሪያ ዕጩ ዘዴዎችን ጠርቶ ለዓመታት ካስፈተነ በኋላ በ2024 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አወጣ። ፈተናው ብርቱ ነበር፤ ሳይክ የተባለው ዕጩ በ2022 በተለመደ ኮምፒውተር፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ተሰብሮ ወድቋል። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያም በ2023 ኳንተምን ለመቋቋም የታሰበ የቁልፍ ልውውጥ ጀምሯል።

ማሽኑ ገና ነው ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። ዛሬ በመስመር የሚያልፍን የተመሰጠረ መረጃ ቀድቶ ማስቀመጥና ማሽኑ ሲደርስ መክፈት ይቻላል። ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚፈለግ ምስጢር ከዚህ ያመልጣል፤ ለአሥርት ዓመታት ሊጠበቅ የሚገባው የሕክምና መዝገብና የመንግሥት ሰነድ ግን አያመልጥም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መረጃ የያዘ ተቋም ሁሉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የትኛው ሥርዓቱ በየትኛው ዘዴ እንደተቆለፈ ዛሬውኑ መመዝገብ፣ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ምስጢሮችም ጀምሮ ወደ አዲሶቹ ደረጃዎች መሸጋገር አለበት።