ንጉሠ ጎጃም ወከፋ

ደብረ ማርቆስ የገባ እንግዳ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አደባባይ ሳያይ አይመለስም። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ትባል ነበር፤ ያሁኑን ስሟን ያገኘችው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። አደባባዩ በስማቸው የሚጠራው ሰውዬም ሲወለዱ ተክለ ሃይማኖት አልነበሩም፤ አዳል ተሰማ ነበሩ።

አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አዳል ያደጉት እንግዲህ ወንድም ከወንድም በሚዋጋበት ዘመን ነው። ራስ ሆኑ፣ ጎጃምን ያዙ፤ በጥር 1873 ደግሞ አፄ ዮሐንስ ዘውድ ደፉላቸው። ማዕረጉ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ነው።

ጠቡ ያለው «ወ» ላይ፣ ማለትም «እና» ላይ ነው። ጎጃም በእጃቸው ነበር፤ ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ፣ ከጊቤም ማዶ፣ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ የሚመጡበትን ያንን ደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። አፄው ለአንዱ የሰጡት ማዕረግ ሌላውን እንደሚያስቆጣ ሳያውቁ ቀሩ ብዬ አላምንም። ሁለት ብርቱ ንጉሦች ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የበላዩ ዙፋን ዕረፍት ያገኛል።

የጎጃሙ ራስ ደረሶና የሸዋው ራስ ጎበና በደቡብ ተገናኙ፤ ጌቶቻቸውም ተከተሉ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉድሩ፣ እምባቦ ላይ ገጠሙ። ጎጃሜው ዓባይን ወደ ኋላው ትቶ የመጣ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ወንዙ እንደሚሞላ ደግሞ የቆላ እረኛ ሁሉ ያውቃል። የራስ ጎበና ፈረሰኛ ለሸዋ ከባድ ጉልበት ሆነ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ ድሉ የሸዋ ሆነ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ቁስላቸውን አሳከሙ። ከዘውድ ጭነቱ እስከ ምርኮው አሥራ ሰባት ወር አይሞላም።

አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የጎጃሙ ንጉሥ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ዘውዳቸውም አልተነጠቀም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወታቸውን ማሳጠር ያሳዝናል፤ ግን በ1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ የሱዳን ድርቡሾች ድል አደረጓቸው፣ ጎንደርም ተቃጠለች። ብዙም ሳይቆይ ከምኒልክ ጋር ተማክረዋል ተብሎ የአፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ገብቶ አጠፋው። የትናንቱ ማራኪና ምርኮኛ ወዳጅ ሆነው መገኘታቸው የዘመኑ ጠባይ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ዘመቱ፤ ያን ቀን ጎጃሜና ሸዌ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር።

ከፋ በመጨረሻ የተያዘው በ1889 ዓ.ም. በተከፈተው ዘመቻ ነው። የዘመቱት የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በጥር 1893 ዓ.ም. ነው።